ድንክዬ የጠጣችው

ታኅሣሥ 22 ቀን 2003 ዓ.ም፣ ቀየት

ይህን ደብተር የሰጡኝ አቶ በዕውቀቱ ናቸው፣ የችግኝ ፕሮጀክቱ አስተባባሪ። «ሰብለወንጌል፣ ትራክተሯ በቀን ስንት ሰዓት እንደሠራች ትመዘግቢበታለሽ። ሌላ ነገር እንዳይጻፍበት» አሉኝ። እሺ አልኩ። ከፊት በኩል የእሷን ሰዓት እመዘግባለሁ፣ ገልብጬ ከኋላ በኩል ደግሞ የራሴን ጉድ። ደብተሩ ወፍራም ነው፣ ለሁለታችንም ይበቃል።

ትራክተር መጣ ሲባል የሰማ ሁሉ ትልቁን እያሰበ ይመጣና ሲያያት ይስቃል። ቁመቷ ከአህያ አይበልጥም። ፈረንጅ አገር የሰው ግቢ ሣር ስታጭድ ኖራ፣ ስታረጅ ለእኛ ተላከች። የችግኝ ጣቢያችን ሴቶች ገና ከመኪና ስትወርድ «ድንክዬ» አሏት፣ ስሟ ሆኖ ቀረ። ከኋላዋ አሥራ አምስት ጀሪካን የሚይዝ ተጎታች አላት። ደብረ ብርሃን አሥር ቀን ሠልጥኜ ነጂዋ እኔ ሆንኩ። ስምንተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፣ የወንድሜንም ወፍጮ ስረዳ ኖሬያለሁ፣ ለዚያ ነው የመረጡኝ።

ከወንዙ እስከ ችግኝ ጣቢያው ያለው ዳገት ምን እንደሆነ የሚያውቅ በጀርባው ውሃ ይዞ የወጣው ነው። የጣቢያው ሴቶች ሃያ ሁለታችንም አራት ዓመት ወጥተነዋል። ድንክዬ በሩብ ሰዓት ትወጣዋለች።

እትዬ በለጠች ግን አላመኗትም። ከሁላችን ታላቅ ናቸው፣ ስድሳን አልፈዋል። የጀሪካን ማዘያ ገመዳቸውን መጋዘኑ ውስጥ ምስማር ላይ ሰቀሉት። «ኧረ እትዬ፣ ይጣሉት ይሄን!» ብላቸው፣ «ይቺ ብረት ስትሞት ያስፈልገኛል» አሉኝ። አፍሽን ዝጊ ማለታቸው ነው። ሲታጠቡ ጀርባቸውን አይቼዋለሁ። የጀሪካኑ ጠርዝ የበላው ቦታ እንደ መዳፍ ጠንክሮ ቀርቷል። ገመዱን ምስማሩ ላይ ባየሁ ቁጥር ያ ጀርባ ይታየኛል።

ጥር 3

ዛሬ ስምንት ምልልስ። ውርጩ የአፕሉን ችግኝ ትንሽ ነካክቶታል፣ ውሃ በሰዓቱ ስላገኘ ግን ይተርፋል። የጽዱ ደህና ነው።

ማታ ማታ አንድ ፍርሃት ይይዘኛል። አሮጌ ናት። አንድ ቀን ብትቆምስ? እኔ ማሽከርከር እንጂ ሆዷን አላውቅም። ማንዋሉ በእንግሊዝኛ ነው፣ ሥዕሉን ብቻ አገላብጣለሁ። ከእሷ ጋር በካርቶን የመጣች አንዲት ቆርቆሮ መሳይ ነገርም አለች፣ ላስቲኳ እንኳ አልተቀደደም። ምን እንደሆነች የሚያውቅ የለም። መጋዘን ውስጥ ወረቀት እንዳይበር መጫኛ አድርገናታል።

ጥር 12

ትናንት ጥምቀት ነበር። እሰይ፣ እንዴት ያለ ቀን! ድንክዬን አጥቤ፣ ወልውዬ፣ ሪባን አስሬላት ታቦቱ ካደረበት ሜዳ ድረስ ነዳኋት። ሕፃን አዋቂው ከኋላዋ ተከተለ። መምሬ ቢተው ሕዝቡን እየረጩ እኛ ዘንድ ሲደርሱ ቆም አሉ።

«ይቺም ልትረጭ ነው?»

«አባቴ፣ ውሃ የምታመላልስልን እሷ አይደለች እንዴ?»

ሳቁና ረጯት። ሴቶቹ እልል አሉ። ወንዶቹ እንኳ ሳቁ።

ቤት ስንገባ በጠርሙስ ከያዝኩት ጠበል ለድንክዬም ቀመስ አደረግኋት። ከወንበሯ ሥር ያለችውን ክዳን ከፍቼ ጠብታ ብቻ። ሰውስ የሚረጨው ከውጭ ብቻ ነው እንዴ? ይጠጣም የለ!

ጥር 16

ሦስተኛው ምልልስ ላይ ዳገቱ ወገብ ስትደርስ ዛለች። ሞተሯ ይጮኻል፣ ጎማዋ ግን ይለግማል። ከታች ደግሞ እንደ ድመት ዓይነት ልቅሶ ይሰማል። ቆይታ ስትቀዘቅዝ ሄደች። ደክሟት ይሆናል።

ጥር 18

ቆመች። እዚያው ዳገቱ ወገብ።

አሥራ አምስቱንም ጀሪካን አውርደን ተሸከምን። እኔም ተሸከምኩ። እትዬ በለጠች መጋዘን ገብተው ገመዳቸውን ከምስማሩ አወረዱ። ምንም አላሉኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥር 20

ወፍጮ ቤት ነበርኩ። ወፍጮው የወንድሜ ነው፣ የጋሼ አወቀ። ከዱቄቱ ማዶ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ፣ እኔ መኖሬን አላወቁም።

«ድሮም ለሴት ሲሰጧት ነው ያለቀላት።»

«ባሏን ያላቆየች ትራክተር ታቆያለች?»

ወጥቼ ልናገራቸው ፈለግሁ፣ ከዚያ ደግሞ ምን ልበላቸው? ባሌን የፈታሁት እኔ ነኝ፣ ቆይ ብሎት ያውቃል ሰው? እሱን ተዉት። ግን ድንክዬ ቆማለች፣ ይሄ እውነት ነው። ዱቄቴን ይዤ በጓሮ ወጣሁ። እንደ ሌባ።

ጥር 21፣ አስተርእዮ ማርያም

በዓል ነው፣ አይሠራም። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ሐሳቤ ሁሉ እሷ ጋ ነው። እመቤቴ ሆይ፣ ጠብታ ብቻ ናት። ጠብታ ምን ታደርጋለች? ሁለት ሦስት ጠብታ።

ጥር 23

አቶ በዕውቀቱ ደወሉ። ስልኩ የሚሠራው ከኮረብታው ላይ ስለሆነ እየሮጥኩ ወጥቼ ትንፋሼ ተቆራርጦ ነበር።

«ሰብለወንጌል፣ ቆማለች አሉ።»

«ትንሽ ነው አቶ በዕውቀቱ፣ ትሠራለች።»

«እኔ አልቆጣም። አሮጌ ናት፣ ዳገቱም ከበዳት ይሆናል። የካቲት 17 መኪና ይዤ እመጣለሁ። ሙሉ ጭነት ይዛ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ከወጣች ትቀራለች። ካልወጣች ሜዳ ላይ ላለው ጣቢያ እወስዳታለሁ፣ እዚያ ትጠቅማለች።»

ሜዳ ላይ! እነሱማ ውሃው ደጃፋቸው ነው!

ለሴቶቹ ነገርኳቸው። እትዬ በለጠች፣ «እስከዚያ እኔ አለሁ» አሉና ጀሪካናቸውን ይዘው ወረዱ። ስድሳ አልፏቸው። እግዜር ይይልኝ፣ ያቺን ሴት ዳግም ያንን ዳገት ውሃ አዝላ እንድትወጣው ካደረግሁ እኔ ሰው አይደለሁም።

ጥር 25

ጋሼ አወቀ መጣ። ጦር ሠራዊት ሳለ ኡራል የሚሉትን ከባድ መኪና ይነዳ ነበር፣ ስለ ሞተር ሲናገር ደረቱን ነፍቶ ነው።

«ይቺ የካምቢዮ ዘይቷ ቀጥኗል። ወፍራሙን ስናደርግላት ትነሣለች።»

«ጋሼ፣ እርግጠኛ ነህ?»

«ኡራል ነድቻለሁ!»

ኡራል ከተጠራ በኋላ ማን ይከራከራል? ሳፋ ደቅኖ ከሥሯ ያለውን ታፖ፣ የዘይቱን መውጫ መድፈኛ፣ ሲፈታው ዘይት ይወጣል ብለን ስንጠብቅ፣ እግዚኦ፣ ወተት ወረደ! ነጭ፣ ወፍራም፣ አረፋ ያለው። አንዷ ሴት «ኧረ ታልባለች!» ብላ ሁሉም በሳቅ ፈረሱ። እኔ ግን ዓይኔ ከወንበሯ ሥር ወዳለችው ክዳን ሄደ።

«ውሃ ገብቷል» አለ ጋሼ። «በየት በኩል?»

«ጤዛ ይሆናል» አልኩት።

«ጤዛ? ጤዛ እንዲህ ያደርጋል?»

«የዘንድሮው ውርጭ እኮ የባሰ ነው።»

አየት አደረገኝ። ከዚያ ሳፋውን አንስቶ አቧራውን ይግደል ብሎ መንገዱ ላይ ሊደፋው ሲል ሳላስበው ጮህኩ። «እንዳትደፋው!» ሳፋውን ነጥቄ መጋዘን ወስጄ ከመደርደሪያው ጀርባ ደበቅሁት። አበደች ብሏል። ይበል። ሰው በእግሩ በሚረግጠው መንገድ ላይ እንዴት ይደፋል? ክዳን ሙሉ ብትሆንም እኮ ጠበል ጠበል ናት።

ጥር 26

ወፍራሙን ዘይት ሞላናት። ጠዋት በውርጩ ላስነሣት ሞከርኩ። ሞተሯ ተነሣ። ፔዳሉን ረገጥኩ። ምንም። ወደኋላ ረገጥኩ። ምንም። ከዚያ እንዲህ ያለ ጩኸት አወጣች፣ የታረደች ይመስላል። ድሮ ዳገት ላይ ነበር የምትለግመው፣ አሁን ሜዳ ላይም አልንቀሳቀስ አለች።

ጋሼ በዱላ ነክሮ ዘይቱን አየው። እንደ ማር ይንጠለጠላል። «ይሞቃል ጠብቂ» አለኝ። እስከ ቀትር ጠበቅሁ። አልሞቀም። ማርሹን ሊያስገባ ፈልጎ አጣ፣ ለካ ማርሽ የላትም። ወደፊት ስትረግጭ ወደፊት፣ ወደኋላ ስትረግጭ ወደኋላ ነው፣ ሌላ የለም።

«ማርሽ የሌለው መኪና አይቼ አላውቅም» ብሎ ቁልፎቹን ሰብስቦ ሄደ። ተቆጥቷል። በእኔ ይሁን በእሷ አላወቅሁም።

ጥር 29

ሦስት ቀን አልመጣም። የወፍጮው በር ላይ ሳልፍ ፊቱን አዞረ። እትዬ በለጠች ዛሬ አራት ጊዜ ወጡ። አራተኛው ላይ ቁጭ ብለው ሲተነፍሱ አየሁ። ጀሪካኑን ልቀበላቸው ስል፣ «ያንቺን ያዢ» አሉኝ። የእኔም ጀርባ ቆስሏል፣ ዋጋዬ ነው።

የካቲት 2

እሰይ! እሰይ! እሰይ!

ዛሬ ንዴቴን የምወጣበት ባጣ ድንክዬን ላጥባት ተነሣሁ። ወንበሯን ገልብጬ ከሥሩ ያለውን የዓመታት ቅባት በቢላ ስፍቅ፣ ስፍቅ፣ አንዲት ተለጣፊ ወረቀት ወጣች። የዘይት ጠብታ ሥዕል፣ ከጎኑ 20W-50። ከዚያው ክዳን አጠገብ፣ ያ እኔ ስኒ ሙሉ ምናምን ያፈሰስኩበት።

ይሄን ቁጥር አውቀዋለሁ! የት ነው ያየሁት? ቀኑን ሙሉ ሲያብሰለስለኝ ውሎ ውሃ እያወጣሁ መጣልኝ። መሐል ሜዳ ከተማ፣ የዓለሚቱ መለዋወጫ ሱቅ፣ በሩ ላይ በተደረደሩት ዘይቶች ላይ። ዳገቱ መሐል ቆሜ ጀሪካን እንደተሸከምኩ ሳቅሁ። ከኋላዬ የነበረችው ሴት አማተበች።

የካቲት 4

መሐል ሜዳ ደርሼ መጣሁ። ዓለሚቱ ከድሮም ታውቀኛለች፣ ቀልደኛ ናት።

«20W-50? ይሄ እኮ የሞተር ዘይት ነው። ለካምቢዮ ነው የምትይኝ? ማን ነው እንዲህ ያለሽ?»

«ራሷ ናት ያለችኝ። ወንበሯ ሥር ጽፋለች።»

«ወፍራሙን የነገረሽስ?»

ወሬ ቀየርኩ። ወንድም ነው።

ማንዋሉን ይዤ ሄጄ ነበር፣ ሥዕሎቹን አየችልኝ። አንዷ ሥዕል ላይ ጣቷን ስታሳርፍ እኔ ክው አልኩ። ያቺ ቆርቆሮ! ወረቀት መጫኛ ያደረግናት! «ፊልትሮ ናት እኮ፣ የዘይት ማጣሪያ፣ ዘይት ሲቀየር አብራ ትቀየራለች» አለችኝ። ጉድ እኮ ነው፣ መድኃኒቷን ከእግሯ ሥር አስቀምጠን ነው ለካ የምናለቅስላት።

ዘይቱን ታቅፌ በሚኒባስ ተመለስኩ። መንገዱን ሁሉ ከደረቴ አላወረድኩትም። አሥራ ሦስት ቀን ቀርቷል። ብቻዬን መሥራት እችል ይሆን? ጋሼን ልለምነው? ብለምነውስ ያ ወተት ከየት መጣ ቢለኝ?

የካቲት 6፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ መምሬ ቢተው ዘንድ ሄድኩ። የነፍስ አባቴ ናቸው። መጋዘን ውስጥ የደበቅሁት ሳፋ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ሲያስጨንቀኝ ነበር።

«አባቴ፣ ለድንክዬ ጠበል አጠጥቼያታለሁ።»

«ረጭተንስ የለ?»

«በውስጥ ነው ያጠጣኋት። ከወንበሯ ሥር ባለው ክዳን።»

«ምን ያህል?»

«ጠብታ ነው አባቴ።»

«ሰብለወንጌል።»

«ክዳን ሙሉ።»

«ሰብለወንጌል!»

«ስኒ... አባቴ፣ ግማሽ ጠርሙስ ነው። አልቀበልም እስክትል ድረስ አፈሰስኩ።»

«ጠርሙሱ የምን ያህል ነው?»

«የሊትር።»

መስቀላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ። እየሳቁ ነው! «ታማ ነበር እንዴ?» አሉኝ ሲበርድላቸው።

«አልታመመችም።»

«ታዲያ ለምን?»

ይሄን ጊዜ እኔ አለቀስኩ። «እንዳትሞት ፈርቼ ነው አባቴ። ሆዷን አላውቀውም። እኔ የማውቀው ይሄንኑ ስለሆነ የማውቀውን አደረግሁ።»

ሳቃቸውን ተዉ። «ጠበሉ ለሰው ነው ልጄ። ለእሷ ደግሞ ሠሪዋ ያዘዘላት አለ። የታዘዘላትን ስጫት። ሳፋውን ይዘሽ ነይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ እግር የማይደርስበት የድንጋይ ስንጥቅ አለ፣ እዚያ እናኖረዋለን። ለወንድምሽ ግን እውነቱን ትነግሪዋለሽ። ቀኖናሽ ያ ነው።»

ሰባት ቀን ስገጂ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።

የካቲት 7

ነገርኩት።

ወፍጮውን አጥፍቶ ነው የሰማኝ። ፊቱ ዱቄት ለብሶ ምን እያሰበ እንደሆነ አይታወቅም። ስጨርስ እጁን ከዱቄቱ አራገፈ። ከዚያ፣ «ወተት ሲወርድ አውቄያለሁ» አለ።

«ምኑን?»

«ጤዛ እንዳልሆነ። ስትጮኺብኝ ገባኝ። ጥምቀት ዕለት ጠርሙስ ይዘሽ አይቼሻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ፊትህን አዞርክብኝ?»

«እኔም ማር ሞልቻታለሁ እኮ!» ብሎ ጮኸ። «ኡራል፣ ኡራል ብዬ! ምን ፊት አለኝ?»

ለካ ሁለታችንም እየተፈራራን ነው። ተያየንና ሳቅን፣ ዱቄቱ ሁሉ ከፊቱ ረገፈ። ተለጣፊዋን ወረቀት ነገርኩት። ቁልፎቹን አነሣ።

የካቲት 9

ወፍራሙን ዘይት ለማውጣት ፀሐይ ጠበቅን። ድንክዬን ፀሐይ ላይ ገፍተን እስከ ቀትር አሞቅናት፣ ያኔም ቢሆን ቀስ እያለ ነው የወረደው። በትንሽ አዲስ ዘይት አለቅልቀን ደግሞ ደፋነው። አሮጌው ፊልትሮ ሲፈታ ጭቃ ነው የሚመስለው። አዲሷን፣ ወረቀት መጫኛችንን፣ ጎማዋን ዘይት ቀብተን በእጅ አጠበቅናት። ክዳኑን ዙሪያውን ወልውለን አዲሱን ዘይት ሞላን። ጋሼ አንድ ጠብታ ሳይፈስ ነው ያስገባው።

ሞተሯን አስነሣሁ። ፔዳሉን ረገጥኩ።

አልሄደችም።

እትዬ በለጠች ጀሪካናቸውን ተሸክመው በአጠገባችን አለፉ። ቀና ብለው አላዩንም። ጋሼ ቁልፉን መሬት ላይ ወረወረው። እኔ ግን አላለቀስኩም፣ እልህ ያዘኝ። ከዚህ በኋላማ አልለቃትም።

የካቲት 10

ማንዋሉን ከፍቼ ሥዕል በሥዕል ሄድኩ። አንዱ ጋ የኋላ ጎማዎቿ ከመሬት ተነሥተዋል፣ ከፔዳሉ ጎን ቀስት ወደፊት፣ ቀስት ወደኋላ፣ ከሥሩ 5 ቁጥር። የማሽን ጎማ የሚነሣው ለምንድን ነው? ጋሼ አየት አደረገውና ግንባሩን መታ።

«አየር! አየር ይዟት ነው! የኡራል ፍሬን ላይም እኮ አየር እናስወጣ ነበር!»

ኡራል ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመን። በክሪክ አነሣናት፣ ከሥሯ ድንጋይ አደረግን። ሥዕሉ እንዳሳየን ከኋላዋ ያለችውን የጎማ ማላቀቂያ ዘንግ ሳብናት፣ ሞተሯን አስነሥቼ ፔዳሉን ቀስ ብዬ ወደፊት፣ ቀስ ብዬ ወደኋላ። አምስት ጊዜ። ሆዷ ጉርርር አለ። ዘንጓን መልሰን እንደገና አምስት። አረፋ አወጣች። ዘይቱ ወረደ፣ ጨመርንላት። ደግሞ ወደፊት፣ ደግሞ ወደኋላ። ያ የድመት ልቅሶ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ጠፋ።

ጎማዎቹ ዞሩ! በአየር ላይ ሁለቱም እኩል ዞሩ!

ጋሼ አወቀ፣ ያ ኮስታራ ሰውዬ፣ መሬት ላይ ተቀምጦ እንደ ልጅ አጨበጨበ። ድንክዬን አወረድናት፣ ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞርኩባት። ሴቶቹ ሮጠው መጡ። «ገና ነው፣ ገና ነው፣ ዳገቱ ይቀራል!» እላለሁ፣ ማን ይሰማኛል!

የካቲት 12

ሚካኤል። አይሠራም። እየሄድኩ ከሥሯ አጎንብሼ አያለሁ። አይንጠባጠብም።

የካቲት 14

አምስት ጀሪካን፣ ወጣች። አሥር ጀሪካን፣ ወጣች። አሥራ አምስቱን ዛሬ አልሞከርኩም። ፈራሁ። እትዬ በለጠች እስካሁን በጀርባቸው ነው የሚያመጡት። «እትዬ፣ ይጫኑ» ብላቸው፣ «ካየሁ በኋላ» አሉ።

የካቲት 16፣ ኪዳነ ምሕረት

ነገ ነው። ቤተ ክርስቲያን ጠበል ሲታደል ሁለት እጄን ዘርግቼ ጠጣሁ፣ ሁሉንም ራሴ። መምሬ ቢተው ከሩቅ አዩኝና ጣታቸውን አወዛወዙብኝ።

የካቲት 17

ይጻፍ፣ ይጻፍ! ከመጀመሪያው ይጻፍ!

አቶ በዕውቀቱ ረፋዱ ላይ ደረሱ፣ ከኋላቸው ባዶ የጭነት መኪና። ገና ሲወርዱ መወጣጫውን ሳንቃ አዘጋጅተዋል። ቀየት ሁሉ ዳገቱ ላይ ቆሟል፣ እነዚያ የወፍጮ ቤት አፎችም አሉ።

«አሥራ አምስት ጀሪካን፣ ሦስት ጊዜ፣ ሳታርፍ» አሉ አቶ በዕውቀቱ።

አንደኛውን ወጣሁ። ወረድኩ፣ ተጫነ፣ ሁለተኛውን ወጣሁ። አሁን ሞቃለች፣ ድሮ የምትዝለው እንዲህ ስትሞቅ ነው። ሦስተኛው ላይ ያቺ የቆመችባት ወገቡ ስደርስ እጄ መሪው ላይ በላብ ተንሸራተተ። ጆሮዬን ወደ ሆዷ አደረግሁ። ድመት የለም! ልቅሶ የለም! ፔዳሉን ረገጥኩ፣ ረገጥኩ፣ እሷም አላቅማማችም፣ ወገቡን አልፋ፣ ደረቱን አልፋ፣ አናቱ ላይ ወጥታ ቆመች። እኔ ራሴ ያልጠበቅሁት ጩኸት ከሆዴ ወጣ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ወንዶቹም ጮኹ። ከወፍጮ ቤት አፎች አንዱ ጀሪካን ሊያወርድልኝ ሲሻማ አየሁት፣ «ተወው፣ ባሌን ያላቆየሁ ሴት ነኝ፣ እኔው አወርዳለሁ» አልኩት። ፊቱ ደም መሰለ። እንዴት ደስ አለኝ!

ጋሼ አወቀ ደግሞ ሕዝቡን ሰብስቦ ያስተምራል። «ማርሽ የላትም እኮ! በዘይት ግፊት ነው የምትሄደው። ወፍራም ዘይት አይሆናትም፣ ይሄ የታወቀ ነው።» የታወቀ! ሳቄን ዋጥኩት፣ የዛሬን ይኩራ።

አቶ በዕውቀቱ ሳንቃውን መልሰው አስጫኑ። «ለመሆኑ ምን ሆና ነው የቆመችው?» ሲሉ እኔም ጋሼም ተያየን። መምሬ ቢተው ከመሐል ቀደሙን።

«ጠጥታ ነበር» አሉ።

አቶ በዕውቀቱ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። እኛ ግን እስኪያመን ሳቅን።

የካቲት 20፣ ቅበላ

መምሬ ቢተው ችግኙን ሊረጩልን መጡ። ድንክዬ ፊት ሲደርሱ ቆሙ።

«ክዳኗ ተዘግቷል?»

«በቁልፍ ነው ያጠበቅሁት አባቴ።»

«ላስቲክስ?»

«ከላይ አስሬያለሁ።»

ያኔም ቢሆን ሁለት እርምጃ ወደኋላ ብለው፣ ከሩቅ፣ ለቡራኬ ያህል ብቻ ረጯት።

የካቲት 23

የድንክዬን ሰዓት ከመመዝገቤ በፊት ከፊት ገጽ በቀይ ጻፍኩ፦ የካምቢዮ ዘይትና ፊልትሮ ተቀይሯል፣ የካቲት 9። ቁጥሩ ወንበሯ ሥር አለ። አየር ሳይወጣላት አትነዳ። ከእኔ በኋላ የሚነዳት ሰው ቢመጣ እንደ እኔ አይፍራ።

ጠዋት በእትዬ በለጠች ደጅ ሳልፍ አጥራቸው ሥር ለፋሲካ የያዙት ሙክት ታስሮ ቆሟል። አንገቱ ላይ ያለው ገመድ የጀሪካኑ ነው። ያንን ቋጠሮ የትም ባየው አውቀዋለሁ። ቆሜ ቀረሁ።

«ምን ትገተሪያለሽ?» አሉኝ ከደጃፋቸው። «በግ አይተሽ አታውቂም?»

«ገመዱን ነው እትዬ።»

«ታዲያ ገመድ ሌላ ምን ይሠራል?» ብለው ገቡ።

እያለቀስኩ ነው እስከ ጣቢያው የሄድኩት፣ ማንም አላየኝም። ድንክዬን አስነሥቼ ወንዝ ወረድኩ። ዛሬ ስድስት ምልልስ፣ ሁለት ሰዓት ከሩብ።